ስም ያልወጣላት የደጋ ፈታይ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ድር የሚለው ቃል ለሸማኔው ፈትልም ለሸረሪቷ መረብም የሚያገለግል ስለሆነ፥ ምሳሌው በተነገረ ቁጥር ከቤታችን ጣራ ሥር ተጠግታ የምትኖረው ትንሿ ፈታይ ትታሰበናለች። ይሁን እንጂ ምሳሌዋን በአፋችን እያከበርን ራሷን በመጥረጊያ ጠርገን እንጥላታለን፤ ስሟ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ከቆላ እስከ ውርጭ የሚኖረው ወገኗ ሁሉ በቋንቋችን «ሸረሪት» በሚል በአንድ ስም ይጠራል። ይህም የቋንቋ ድህነት አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ የሚዘራውን የጤፍና የገብስ ዓይነት እያንዳንዱን በስሙ ለይቶ ያውቃልና። ነገር ግን ሰው ስም የሚያወጣው ለሚያስፈልገውና ቀርቦ ለተመለከተው ነገር ነው።

ሸረሪትን ቀርበው የተመለከቱ ሊቃውንት ብዙ ስም ማውጣት አስፈልጓቸዋል። በስዊስ አገር በበርን ከተማ፥ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚጠበቀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 50,000ኛውን ዓይነት ጻፈ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገና ያልተጻፉትም ከዚህ ቍጥር እንደማያንሱ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው በተራራ ስለሚኖሩትና ስም ስላልወጣላቸው ሸረሪቶች ነው፤ ይኸውም አዲስ ዓይነት ሸረሪት ተገኘ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፥ ስሙ በምን ሥርዓት እንደሚወጣ፥ ይህስ ነገር ለአገራችን ደጋ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው።

አስቀድሞ ሸረሪት ምን እንደሆነች በጥቂቱ እንናገር። ብዙ ሰው ከዝንብና ከጉንዳን ጋር ይቈጥራታል፤ እርሷ ግን የሌላ ወገን ናት። የዝንብና የጉንዳን እግሮች ስድስት ሲሆኑ የሸረሪት እግሮች ስምንት ናቸው፤ ክንፍም የላትም። አካሏ ከሁለት የተከፈለ ነው፤ የአብዛኞቹም ዓይኖች ስምንት ናቸው። ድሩ የሚወጣው ከሆዷ ጫፍ ካሉት መፍተያዎች ነው። ነገር ግን ሸረሪት ሁሉ ወጥመድ ዘርግታ አትቀመጥም። አንዳንዶቹ እንደ ድመት አድብተው ዘለው ይይዛሉ፤ ሌሎቹም በምድር ላይ እየሮጡ ያድናሉ። በደጋው ሣርና ድንጋይ መካከል ከሚሮጡት አንዷ የተኩላ ሸረሪት የምትባለው ናት። እናቲቱ እንቁላሎቿን በድር ከረጢት ጠቅልላ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ብርድ በበዛበት አገር የምትኖረውም ከረጢቱን ወደ ፀሐይ አዙራ ታሞቀዋለች። ልጆቿም ሲፈለፈሉ በጀርባዋ ላይ ይወጣሉ፤ ራሳቸውን እስኪችሉም ድረስ አዝላቸው ትሄዳለች።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ከየጥኖራና ከብቸና ጥቁር አፈር፥ ከጤፉ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ አገሩ ከእግሩ በታች ሲለዋወጥ ያያል። ጤፉ ለስንዴ፥ ስንዴው ለገብስ ቦታውን ይለቃል፤ ከዚያም በላይ አስታው፥ ጓሳውና እንደ ምሰሶ የቆመው ጅብራ ይመጣል። በብቸና፥ በሞጣና በደብረ ማርቆስ መካከል ያለው ይህ ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሙጋ፥ ሱሃና ጨሞጋ ከዚያ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በከፍታው ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በጋና ክረምት በአንድ ዕለት ይፈራረቃሉ ማለት ይቻላል። በዚያ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ይህን መቻል አለበት። ከድንጋይ ሥር፥ ከጓሳው ሥርና ከአስታው ሽበት መካከል ተሸሽጎ ሌሊቱን ያሳልፋል።

ይህን ብርድ የለመደ ፍጥረት ወደ ቆላ ወርዶ መኖር ያስቸግረዋል። ስለዚህ ለእርሱ ጮቄ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነው። በደቡብና በምሥራቅ ጥልቁ የዓባይ በረሃ ከሸዋና ከወሎ ደጋ ይለየዋል፤ የስሜንና የጉና ከፍታዎችም በመካከል ባለው ዝቅተኛ አገር ምክንያት ርቀውበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖሩ፥ ከዘመዶቻቸው የተለዩ እንስሳት ከብዙ ሺህ ትውልድ በኋላ መልካቸውም ጠባያቸውም ይለወጥና ለብቻቸው አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ስዊድናዊው ሊቅ ኦኬ ሆልም የኬንያን፥ የኪሊማንጃሮንና የሌሎችንም የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ሸረሪቶች መርምሮ በ1962 ባሳተመው ሥራው፥ ከእነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ብዙዎቹ በአንድ ተራራ ብቻ የሚገኙ መሆናቸውን አሳይቷል።

አንባቢ ሆይ፥ ሸረሪት ክንፍ ከሌላት መጀመሪያ ከተራራው ራስ እንዴት ወጣች ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ሸረሪቶች በሕፃንነታቸው ከሣር ጫፍ ላይ ወጥተው ቀጭን ድር ወደ አየር ይለቃሉ፤ አየሩም ድሩን ከነባለቤቱ ይዞ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በ1832 በመርከብ ሲጓዝ፥ ከአርጀንቲና የባሕር ዳርቻ 60 ማይል ያህል ርቀው ሳለ ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶች በድራቸው እየበረሩ ከመርከቡ ገመዶች ላይ ሲያርፉ ተመልክቷል። በ2018 ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሸረሪቶች ነፋሱን ብቻ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ጭምር እየተሰማቸው እንደሚነሡ በሙከራ አረጋገጡ። በዚህ መንገድ የመጣ ዘር በአንድ ተራራ ላይ ከተቀመጠና ሌላ ካልተከተለው፥ ከዚያ በኋላ የዚያ ተራራ ተወላጅ ሆኖ ይቀራል።

በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነችው የተራራ ሸረሪት በኤቨረስት የምትኖረው ናት። በ1924 ወደዚያ ተራራ ከሄዱት እንግሊዞች ጋር ሐኪምና የተፈጥሮ መርማሪ ሆኖ የተጓዘው ሪቻርድ ሂንግስተን፥ 6,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ሣር ቅጠል በሌለበት ድንጋይ መካከል የምትዘልል ትንሽ ሸረሪት አገኘ። በዚያ ባዶ ስፍራ ምን ትበላለች የሚለው ለጊዜው እንቆቅልሽ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ነፋስ ከታች እያነሣ የሚያመጣው ብናኝና ቅንጣቢ አለ፤ እርሱን የሚበሉ ደቃቅ ነፍሳት አሉ፤ ሸረሪቷም እነርሱን ትበላለች። ይህች ፍጥረት ግን እስከ 1975 ድረስ ስም አልነበራትም። በዚያ ዓመት ፍሬድ ዋንለስ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ መልኳን ጽፎ፥ ሥዕሏን ሥሎ ኢውኦፍሪስ ኦምኒሱፐርስቴስ አላት፤ ትርጓሜውም ከሁሉ በላይ የቆመች ማለት ነው። ከታየችበት ቀን እስከ ስሟ 51 ዓመት አለፈ።

ይህን ያህል ጊዜ ያስፈለገው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱም ማየትና ለይቶ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። አዲስ ዓይነት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በተራራው ላይ ሳይሆን ከተራራው ከተመለሱ በኋላ በጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራውም በየተራው እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ ሰብሳቢው ድንጋይ እየገለበጠ፥ ሽበቱን በወንፊት እየነፋ፥ ቍጥቋጦውን በነጭ ጨርቅ ላይ እያራገፈ ሸረሪቶቹን ይለቅማል። የተገኘውም ከመቶ 70 እጅ በሚሆን አልኮል ውስጥ ይቀመጣል። ከእርሱም ጋር ቦታው፥ ከፍታው፥ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት በብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ወረቀት የሌላት ሸረሪት በሕግ ፊት ስሙንና አገሩን መናገር እንደማይችል ምስክር ናት፤ ምንም ያህል ብርቅ ብትሆን አትረዳም።

ቀጥሎ መርማሪው በማይክሮስኮፕ ይመለከታታል። ቀለምና መጠን ብቻውን አያስተማምንም፤ የአንዲት እናት ልጆች እንኳ በቀለም ይለያያሉና። አስተማማኙ ምልክት ያለው በመራቢያ አካላቸው ላይ ነው። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ሁለት አጫጭር እጆች የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ የሴቷም ምልክት ከሆዷ ሥር ነው። የእነዚህ ቅርጽ በየዓይነቱ እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ጋን ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህም ያልጐለመሰች ሸረሪት ብዙውን ጊዜ ስም ልትሰጣት አትችልም። በዘመናችን ደግሞ በሕዋሳቷ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ይነበባል፤ መልካቸው አንድ መስሎ ዘራቸው የተለየውን በዚህ ይለዩታል።

ሦስተኛውና አድካሚው ሥራ ማስተያየት ነው። መርማሪው በእጁ ያለችው ሸረሪት ከዚህ በፊት በማንም ያልተጻፈች መሆኗን ማረጋገጥ አለበት። ለዚህም በብዙ ቋንቋዎች የታተሙትን የቆዩ መጻሕፍት ያነባል፤ በየሙዚየሙ ያሉትንም ያመሳክራል። በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ መሠረት ተቀባይነት ያላቸው ስሞች የሚጀምሩት የስዊድኑ ካርል ሊኔ መጽሐፉን ካሳተመበት ከ1758 ነው። ለሸረሪቶች ብቻ ግን ልዩ ክብር ተሰጥቷቸዋል፤ የአገሩ ሰው ካርል ክሌርክ ስለ ስዊድን ሸረሪቶች በ1757 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ቀደመ በእርሱ የወጡት ስሞች ይጸናሉ። ለአንድ ዓይነት ሁለት ሰዎች ስም አውጥተው ቢገኙም የፊተኛው ስም ይጸናል።

በመጨረሻም ከተሰበሰቡት መካከል አንዷ ተመርጣ አብነት ትሆናለች። ይህን ነገር በጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። መጽሐፍ የገለበጠ ጸሓፊ ሥራውን ከታመነው ቅጂ ጋር ያስተያያል፤ ክርክር በተነሣም ጊዜ ዳኛው ያ አብነት ነው። ለሸረሪቷም እንዲሁ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ «ይህችም ያችው ናት» ወይም «አይደለችም» የሚል ሙግት ቢነሣ፥ ተከራካሪዎቹ አብነቷ ወደ ተቀመጠችበት ሙዚየም ሄደው ይመለከታሉ። ስሙም ሁለት ክፍል አለው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ በሳይንስ ግን የወገኑ ስም ይቀድማል፥ የግሏም ይከተላል። የግሉ ስም ከመልኳ፥ ከጠባይዋ ወይም ከአገሯ ሊወሰድ ይችላል፤ በጮቄ የተገኘችውን «ጮቄንሲስ» ብሎ መሰየም በሥርዓቱ የተፈቀደ ነው። ይህ ሁሉ በታወቀ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ያን ጊዜ አዲስ ዓይነት ተጻፈ ይባላል።

የአገራችን ሸረሪቶች ወደዚህ መዝገብ መግባት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ለጣሊያናዊው መንገደኛ ለኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1877 ሰጥተውት ነበር። ከዚያ ተሰብስበው ወደ ጄኖቫ ሙዚየም የተላኩትን ሸረሪቶች ፒዬትሮ ፓቬዚ መርምሮ በ1883 የሸዋን መንግሥት ሸረሪቶች የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም በኋላ ጀርመናውያኑ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ባለፈው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በኢትዮጵያ ተዘዋውረው የሰበሰቡትን የኖርዌዩ ተወላጅ ኤምብሪክ ስትራንድ መርምሮ ጻፈው። በ2008 ደግሞ የፖላንድ ሊቃውንት ቫንዳ ቬሶዎፍስካና ቤያታ ቶማሼቪች በኢትዮጵያ ስለሚገኙ ዘላይ ሸረሪቶች ሰፊ ጽሑፍ አውጥተው አዳዲስ ዓይነቶች ጨመሩ።

ለእነዚህ ሰዎች ድካም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የጥንቶቹ አብነቶች በአውሮፓ ሙዚየሞች ስለ ተቀመጡ የአገራችን ተማሪ የአገሩን ሸረሪት ለማወቅ ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር። ዛሬ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የአገሪቱን ሕያዋን ሀብት መውሰድ በፈቃድ እንዲሆን ወስኗል፤ በአዲስ አበባም በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ከጮቄ ግርጌም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ስለዚህ የቀረው ነገር የሰው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ምናልባት «ሸረሪት ስም አገኘች አላገኘች ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሁለት መልስ እንሰጣለን።

የመጀመሪያው ስለ ጥቅሟ ነው። በ2017 ሁለት ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፥ የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚመዝን ሕይወት ያለው ነገር ይበላሉ፤ አብዛኛውም ሰብልና ሰውን የሚያስቸግሩ ነፍሳት ያሉበት ነው። በኬንያና በዑጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ አንዲት ዘላይ ሸረሪት አለች። ከላይ የጠቀስናቸው ቬሶዎፍስካ ከባልደረባቸው ጋር በ2003 ኤቫርካ ኩሊሲቮራ የሚል ስም አወጡላት። ስም ወጥቶላት ጠባይዋ ሲመረመር፥ ደም የጠጣችውን የወባ ትንኝ ከሌላ ምግብ ሁሉ መርጣ የምትበላ ሆና ተገኘች። በዓባይ በረሃ አፋፍ ለሚኖርና የወባን መከራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ስሟ ባይታወቅ ኖሮ አንዱ መርማሪ ያየውን ሌላው ስለ እርሷ መሆኑን በምን ያውቅ ነበር?

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይከብዳል። ስም ያለው ሲጠፋ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ስም የሌለው ግን ሲጠፋ የሚጠራውም የሚፈልገውም የለም። የጀርመኑ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በስሜን ያገኘው ቀይ ቀበሮ በ1840 ካኒስ ሲመንሲስ ተብሎ ተጻፈ። ይህ እንስሳ ቀድሞ በጮቄም ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ከጮቄ ጠፍቷል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ የቀሩትም ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ይህን ማወቅና ማዘን የቻልነው፥ ለቀሩትም መጠበቂያ የተበጀላቸው፥ እንስሳው ተጽፎ ስለ ነበር ነው። እንደዚሁም በ1927 ከግሽ ዓባይ አጠገብ በሰከላ አንዲት የውኃ አይጥ ተይዛ ወደ ቺካጎ ሙዚየም ተወሰደች፤ አሜሪካዊው ዊልፍሬድ ኦስጉድም በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ ጻፋት፤ የዓባይ ምንጭ አይጥ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መርማሪዎች ደጋግመው ፈልገዋታል። ያች አንዲት አብነት ባትኖር ግን የሚፈልጋትም አይኖርም ነበር።

የጮቄ አስታና ጓሳ እያነሰ፥ የገብሱና የድንቹ እርሻ ወደ ውርጩ እየወጣ መሆኑን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ገበሬው በዚህ አይወቀስም፤ ልጁ በዝቶ መሬቱ የጠበበው ሰው ወደ ላይ ቢወጣ ቸግሮት ነው። ማገዶውም ከአስታው በቀር ከሩቅ ይመጣል። ነገር ግን አንድ ቁና ጓሳ ሥር ሲገለበጥ ምን አብሮ እንደ ተገለበጠ የሚናገር መዝገብ ከሌለ፥ የጠፋውን ቈጥረን «ይህን ያህል ይበቃል፥ የቀረው ይጠበቅ» ለማለት እንኳ ቃል ያጥረናል። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ለመጀመሪያው ሰው ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ለፍጥረታት ስም ማውጣት ነው። ያ ሥራ በጮቄ ላይ ገና አላለቀም።

ይህን ያነበበ ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል ጥቂት ነገር አለ። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ሰውን የማይጐዱ ስለሆኑ፥ በቤት የተገኘችውን ከመግደል ብርጭቆ ደፍቶ ከሥር ወረቀት አስገብቶ ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል። ልጆች በእጃቸው እንዳይነኩ እየተነገራቸው፥ በደብተራቸው ላይ ቀኑን፥ ቦታውን፥ የድሩን ቅርጽና የእግሯን ምልክት ይጻፉ፤ ሥዕሏንም ይሣሉ፥ ስልክ ያለው ቤተሰብም ፎቶግራፍ ያንሣ። በብቸና፥ በሞጣና በየጥኖራ የሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህራንም የተማሪዎቻቸውን ደብተር ሰብስበው ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢያቀርቡ፥ መርማሪው ከየትኛው ድንጋይ እንደሚጀምር ያውቃል። ለመሰብሰብ ግን ፈቃድና ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ያን ለባለሙያው መተው ይገባል።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ አድጎ በማይክሮስኮፕ ፊት ይቀመጥ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የጮቄን ሸረሪት የሚጽፋት ሰው ጓሳውን በስሙ የሚያውቅ፥ የሌሊቱን ውርጭ በአካሉ የቀመሰ የአገሩ ልጅ ይሆናል፤ አብነቷም በአገሯ ትቀመጣለች።